ቡናውን ልጅ ስለለቀመው «አልገዛም» ቢባል ማን ይጠቀማል?

ጥቁር_ሰሌዳ፦

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ።

የማስተምረው ማና ወረዳ ነው። ጥቅምት ሲጋመስ ክፍሌ መሳሳት ይጀምራል፣ ኅዳር ላይ የኋላ ወንበሮች ባዷቸውን ይቀራሉ። የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለቀማ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ወላጅም ያውቃል፣ ወረዳውም ያውቃል። ስም መጥሪያው ላይ «ታሟል» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር መጣ። እዚህ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ (ስሙ ይቅር) የውጭ ገዢ ሊጎበኘው መሆኑን ሰማ። ወዲያው ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡትንና የሚለቅሙትን ልጆች በሙሉ አሰናበተ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው ግቢው ውስጥ እንዳይታይ ተባለ። ጥሩ አይደል? ወደ ክፍል የተመለሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ጅማ ከተማ ሰው ቤት ገባች። ከወንዶቹ መናኸሪያ ሸክም የጀመሩ አሉ። የቀሩት ፈረንጅ የማይጎበኘው ነጋዴ ዘንድ ሄደው ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና) ያሰጣሉ፣ ያውም ባነሰ ክፍያ።

ይሄ እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቶም ሃርኪን የሚባል የአሜሪካ ሴናተር ሕፃናት የሠሩት ዕቃ አሜሪካ እንዳይገባ የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሕጉ አልጸደቀም። የባንግላዴሽ ልብስ ፋብሪካዎች ግን ወሬውን ሰምተው ብቻ ደንግጠው ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ልጆችን አስወጡ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ዩኒሴፍ በኋላ እንዳወጣው ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። ድንጋይ ፈለጣ፣ የመንገድ ላይ ንግድ፣ አንዳንዶቹም ሴተኛ አዳሪነት ውስጥ ገቡ። የፋብሪካዎቹ ማኅበር፣ ዩኒሴፍና የዓለም የሥራ ድርጅት ተፈራርመው ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ትንሽ ወርሃዊ ድጎማ ያዘጋጁት በ1995 ነው። መጀመሪያ አባረሩ፣ ከዚያ አሰቡ።

ልጅ ይሥራ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሰድቡኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከሥራ ስታስወጣው የምታስገባው የት ነው?

ሲያትል_ያለ_የጅማ_ልጅ፦

ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይሄ ሰበብ ነው። በዚህ አካሄድ የትኛውንም ግፍ «ካልሆነ ይብስባቸዋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ራና ፕላዛን አስታውሱ። ሚያዝያ ወር፣ በፈረንጅ 2013፣ ዳካ አጠገብ፣ የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 ሰው በላይ አለቀ። ሕንፃው በዋዜማው ተሰንጥቆ ታይቷል! ሥር ያሉት ባንክና ሱቆች ዘግተው ወጡ። ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው፣ ካልገባችሁ ደመወዝ የለም ተባሉ። ከዚያ በቀጣዩ ወር ትልልቆቹ ብራንዶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የሕንፃ ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ለምን ይመስላችኋል? አዝነው ነው? ገዢው ስለጮኸ ነው። ዝም ተብሎ ቢሆን እስከ ዛሬም ማንም አይነካውም ነበር።

እኔ እዚህ ለአንድ ስኒ የምከፍለው እናንተ ጋ የለቃሚ የቀን ሒሳብ ይበልጣል። ልጅ የለቀመው ከሆነ አልጠጣም፣ አበቃ።

ቡና_ሱሴ፦

አንተ ባትጠጣው እኛ እንጠጣዋለን፣ ሐሳብ አይግባህ ሃሃሃ

ኢኮ_ግቢ፦

ስሜቱን ለአንድ አፍታ እናቆየውና በሒሳብ እንነጋገር። ኢኮኖሚስቶቹ ፖል ክሩግማንም ጄፍሪ ሳክስም በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ተናግረዋል። ሁለቱም ደግሞ የባለሀብት ጠበቃ የሚባሉ ሰዎች አይደሉም። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ፋብሪካው ለአሜሪካዊ ሲያዩት ሲኦል ነው፣ እዚያ ላለ ሰው ግን ከቆሻሻ ክምር ላይ ፕላስቲክ ከመልቀም ይሻላል። ሳክስ እንዲያውም ችግሩ የእነዚህ ፋብሪካዎች መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው እስከ ማለት ሄዷል። እንግሊዝ በዚህ አለፈች፣ ጃፓን አለፈች፣ ኮሪያ አለፈች።

ሌላ ደግሞ ልጨምር። ሔዝና ሞባራክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ባንግላዴሽ ውስጥ ለልብስ ፋብሪካ ቅርብ የሆኑ መንደሮችን ከራቁት ጋር አወዳደሩ። ፋብሪካ አጠገብ ያደጉ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት የበለጠ ቆይተዋል፣ ያገቡትም ዘግይተው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ፋብሪካው ማንበብና መቁጠር የምትችል ልጅ ይፈልጋል፣ አባት ደግሞ ያንን ያያል። በዚያ ላይ ማንም አልተገደደም። ሰው ፈልጎ ነው በሩ ላይ የሚሰለፈው።

ክር_እና_መርፌ፦

ኢኮ_ግቢ ወንድሜ፣ ማሽን ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?

እኔ ተቀምጫለሁ። አንዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ለአንዲት ክፍል አራት ሆነን ነበር የምንከራየው፣ ፍራሽ መሬት ላይ፣ ሁለቱ የማታ ፈረቃ ሲሆኑ ሁለቱ በሰላም ይተኛሉ። አንድ ቀን ከቀረህ የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የወሩን የመገኘት ጉርሻም ይቆርጡብሃል። ሽንት ቤት ስትሄድ ሱፐርቫይዘሯ ሰዓቷን ታያለች። በወር አበባ ቀን ቆማ የወደቀች ልጅ አይቻለሁ። ወንዶች ይህን ሲያነቡ ያፍራሉ፣ ይፈሩ፣ ምን አገባኝ።

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፈረንጅ 2019 ሪፖርት ሲያወጡ ሐዋሳ ላይ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው አሉ። ባንግላዴሽ ያኔ 95 ነበር። ካዩአቸው አገሮች ሁሉ የመጨረሻው እኛ ነን። «ፈልጎ ነው የሚሰለፈው» ላልከው፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ግን ሲያትል ያለኸውም ቶሎ አትደሰት። «አልገዛም» ስትል እኔን ማን ጠየቀኝ? በእኛ 2014 ኅዳር ላይ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ከሐዋሳ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ አገሪቱን ከአጎዋ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ሰረዘች፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ። በጦርነቱ ምክንያት ነው ተባለ። እሺ፣ ጦርነቱን የጀመረችው ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ናት? ትዕዛዝ ሲቀንስ መጀመሪያ የምትሸኘው እሷ ናት። አብረውኝ ከሠሩት ስንቱ ዛሬ ቤይሩትና ሪያድ ነው። ደላላው ደግሞ እናንተ እዚህ እስክትከራከሩ አይጠብቅም፣ ሰፈራችን ድረስ ይመጣል።

እኔ ፋብሪካው ይዘጋ አላልኩም። ቤት ኪራይ የሚሸፍን ደመወዝ ይክፈል ነው ያልኩት። ይሄ እንዴት ለሁለታችሁም እንደሚከብዳችሁ አይገባኝም።

መልኮ_ሰፈር፦

ክር_እና_መርፌ እህቴ፣ ያልሽውን ቆጥረው ያዩት ሰዎች አሉ፣ ያውም በገዛ አገራችን። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ይባላሉ። አምስት ድርጅቶች ጋ ሄደው ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከሦስት ከፈሉ። አንዱ ወገን ሥራውን አገኘ። አንዱ ወገን 300 ዶላር ገደማና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። አንዱ ወገን ምንም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ሲቆጠር ፋብሪካ የገቡት ካልገቡት የበለጠ ገቢ የላቸውም። የጤና ችግር ግን ጨምሯል። ብዙዎቹም በወራት ውስጥ ለቀዋል። ገንዘቡን ያገኙት ገቢያቸው በሲሶ ገደማ አደገ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ፋብሪካው ይጠቅማል ብለው ነበር የጀመሩት።

ስለዚህ «ከአማራጩ ይሻላል» የሚለው ነገር እኛ አገር ሲመዘን እንደዚያ አልወጣም። አማራጩ ጉልትም ቢሆን፣ ጀብሎም ቢሆን፣ የቀን ሥራም ቢሆን ተመጣጣኝ ነው።

ኢኮ_ግቢ፦

ጥናቱን አውቀዋለሁ። ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ሁሉ ጠፍቷል። ፋብሪካ የገባው፣ ገንዘብ የተሰጠው፣ ምንም ያላገኘው፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። እንግዲህ «ብሩን ስጡና ችግሩ ይቀረፋል» ማለትም አያዋጣም።

ደግሞ አዋቂ ካልጣመው ለቆ ይሄዳል። የቲቸር ጥያቄ ስለ ልጅ ነው። እዚያ ላይ ካውሺክ ባሱና ፋም ሆአንግ ቫን በ1998 ያወጡት ሐሳብ አለ፣ ክፍል ውስጥ ስንማረው ደረቅ ነበር፣ አሁን ግን የማናውን ጣቢያ ሳስብ ነው የታየኝ። ወላጅ ልጁን የሚልከው የራሱ ገቢ ካልበቃው ነው ይላሉ፣ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልጆች በሙሉ ከሥራ ገበያው ቢወጡ ሠራተኛ ያንሳል፣ የአዋቂ ሒሳብ ይወደዳል፣ ያኔ ወላጅ መጀመሪያውኑ ልጁን መላክ አያስፈልገውም። ቁልፉ ያለው «በሙሉ» የሚለው ላይ ነው። አንድ ጣቢያ ብቻውን ልጆቹን ሲያስወጣ የአዋቂ ሒሳብ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፣ ልጆቹም ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ። የሆነው ይኸው ነው።

ሕንድ በ1986 ሕፃናት በተወሰኑ ሥራዎች እንዳይቀጠሩ ከለከለች። በኋላ ሲጠና የልጆች ሥራ ጨምሮ ተገኘ። አሠሪው ቅጣቱን ፈርቶ ለልጅ የሚከፍለውን ቀነሰ፣ ቤተሰቡ ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ልጁን የበለጠ አሠራው፣ አንዳንዱም ታናሹን ጨመረበት።

የጎማ_ገበሬ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄን የሚጽፍልኝ ልጄ ነው፣ እኔ እየነገርኩት።

እኔ ቡና ለቅሜ ነው ያደግሁት። ልጆቼም ለቅመዋል፣ ይሄ የሚጽፈውም ለቅሟል፣ ዛሬ ኮሌጅ ነው። ልጅ ከአባቱ ጋር በአባቱ ማሳ ሲውልና ለሰው ተቀጥሮ ሲውል አንድ አድርጋችሁ አትዩት። የኔ ልጅ ሲደክመው ጥላ ሥር ይቀመጣል። የሰው ልጅ በኪሎ ነው የሚከፈለው፣ ከተቀመጠ የለም።

ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ቀልቶ ካልተለቀመ ግንዱ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል። የተለቀመው እሸት በዚያው ቀን ማጠቢያ ካልደረሰ ዋጋው ይወርዳል ወይም ይመለስብሃል። ያንኑ ዛፍ ደጋግመህ ትመለስበታለህ፣ የቀላውን ብቻ እየመረጥክ። ድሮ ከዳውሮና ከኮንታ የሚመጣው ለቃሚ ይበቃን ነበር። አሁን በጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣም ሒሳቡ ከብዷል። ጎረቤቴ ተማርሮ ግማሹን ቡና ነቅሎ ጫት ተከለ። ጫት ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ ለእሱም ልጅ ነው የሚሠራው፣ ስለሱ ግን ሲያትል ሆኖ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲቀደድ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጁ ቤት ተቀምጦ ዝናብ ያያል። ቡናው ሲቀላ ትምህርቱ ይጀመራል። ይሄን ያወጣው ሰውዬ ቡና አይቶ ያውቃል?

ቡና_ሱሴ፦

ኦቦ ጨረሱት። የመጨረሻው ጥያቄ ለሚኒስቴር ይድረስ።

መልኮ_ሰፈር፦

ጋሼ ያነሱት የማሳው ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። የራስ ማሳና የሰው ማሳ የሚለው ማለቴ ነው።

ዘንድሮና አምና የቡና ዋጋ ሲወራ ሁላችንም «ገበሬው አለፈለት» እንላለን። በየካቲት 2025 ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። ዋጋ ሲወጣ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይስ ለቀማ? እንደ አገሩ ነው። ቬትናም በ1990ዎቹ ሩዝ ወደ ውጭ እንዲሸጥ ስትለቅ የሩዝ ዋጋ ወጣ፣ የልጆች ሥራ ደግሞ በብዙ ወረደ። ኤድመንድስና ፓቭችኒክ ናቸው ያጠኑት። እዚያ አብዛኛው ገበሬ መሬት ስላለው ዋጋው ኪሱ ገባ፣ ልጁን አሳረፈ። ብራዚል ላይ ግን ዳያና ክሩገር የቡና አውራጃዎችን ስታይ ተቃራኒውን አገኘች። ቡና ሲደራ ከድሃና ከመካከለኛ ቤት የሆኑ ልጆች ከትምህርት ወጥተው ሥራ ገቡ። ጉልበት የሚፈለግበት ሰዓት ነው፣ የልጅ ቀን ዋጋ አወጣ።

ኮሎምቢያ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። የቡና ዋጋ ሲወድቅ የሕፃናት ሞት ቀነሰ። አዎ፣ ሲወድቅ። እናት ከቡናው ማሳ ወጥታ ለልጇ ጊዜ አገኘች፣ ውኃ ማምጣቱ፣ ጤና ጣቢያ መውሰዱ፣ ሁሉም ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ የኛ ጋ ጥያቄ ዛፉ የማን ነው የሚለው ነው። ባለ ዛፉ ልጁን ያስተምር ይሆናል። መሬት የሌለው፣ ከሰው ማሳ በኪሎ የሚለቅመው ቤተሰብ ግን ዋጋው ሲወጣ ልጆቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ቲቸር ያውቃቸዋል።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

በደንብ አውቃቸዋለሁ። ባለ ማሳው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ ደብተር ይገለብጣል፣ ይደርሳል። የሌላው ታኅሣሥ ላይ ይመጣና ወይ ይደግማል ወይ ይቀራል። የሚቀሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ነገረ_ፈጅ፦

ሕጉን ላስቀምጥ፣ ስትከራከሩ እንዲጠቅማችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጓል፣ በድሮው 377/96 ላይ 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም ክልክል ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ጥሩ ነው።

አሁን የማይነካውን ልንገራችሁ። በገዛ አባቱ ማሳ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ልጅ ተቀጣሪ አይደለም፣ ዐዋጁ አያየውም። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅም ከዐዋጁ ውጭ ናት። ልጆቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። በዓለም ደረጃ እንኳ የሥራ ድርጅቱና ዩኒሴፍ ባወጡት የመጨረሻ ግምት በ2024 138 ሚሊዮን ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ከእነሱ 61 በመቶው ግብርና ነው። እኛ ፋብሪካ ፋብሪካ እያልን እንነታረካለን።

ለክር_እና_መርፌ ደግሞ፣ ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም። ዐዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ይላል።

ሳይት_ጸሐፊ፦

እኔ ማጠቢያ ጣቢያ ነው የምሠራው፣ የቲቸሩ አይደለም፣ ሌላ። ጉብኝቱ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት ይነገረናል። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ጓንት ይታደላል፣ ልጆች ይሸኛሉ። ሰዎቹ መጥተው ፎቶ ያነሳሉ፣ ቡና ይቀምሳሉ፣ ይሄዳሉ። ለቀማው የሚካሄድበት ጫካ ውስጥ ማንም አይገባም፣ መንገዱም ጭቃ ነው።

ገዢው ሁለት ወረቀት ያስፈርማል። አንዱ ልጅ አላሠራም የሚል ነው። ሌላው ዋጋ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አይተዋወቁም። ልጅ የለቀመውን ስትተው አዋቂ መቅጠር አለብህ፣ አዋቂ ይወደዳል፣ ያ ጭማሪ ግን ከዋጋው ወረቀት ላይ የለም። ታዲያ ከየት ይምጣ? ከገበሬው ነው የሚቀነሰው። ገበሬው ደግሞ ልጁን ያወጣል።

ሲያትል_ያለ_የጅማ_ልጅ፦

ይሄ ነገር አናደደኝ፣ ግን በእናንተ አይደለም። እሺ የዋጋውን ጉዳይ ተቀበልኩ። ገዢው የሚጠይቀውን ነገር ወጪውንም ይሸፍን።

ግን ጫና አይሠራም የሚለውን አልቀበልም። ኢንዶኔዥያ ላይ በ1990ዎቹ የጫማና የልብስ ብራንዶች ላይ ዘመቻ ሲደረግ ሃሪሰንና ስኮርስ የሚባሉ ሰዎች አጥንተዋል። ዘመቻው የደረሰባቸው ፋብሪካዎች ደመወዝ በደንብ ጨመሩ፣ ሰው በገፍ አልተባረረም። ለየት የሚያደርገው ዘመቻው «ደመወዝ ጨምሩ» ማለቱ ነው። «ውጡ» አላለም። ክር_እና_መርፌ የምትለው ራሱ ነው።

ክር_እና_መርፌ፦

አሁን ተግባባን።

እሙ_ሃናን፦

ስታነቡት ትቆጣላችሁ መሰለኝ፣ ግን ልናገር። ፈረንጁን፣ ፋብሪካውን፣ ነጋዴውን ስትወቅሱ ቆያችሁ። ከመካከላችን ስንቱ ቤት ነው ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ያለችው? «እንደ ልጄ ነው የማያት» እንላለን። እንደ ልጃችን ከሆነ ልጃችን ትምህርት ቤት ስትሄድ እሷ ለምን ደጅ ትጠርጋለች? ማታ ትማራለች ይባላል፣ ማታ ዓይኗ አይገለጥም፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የተነሳችው።

ቲቸር፣ ያቺ ጅማ ሰው ቤት የገባችው ተማሪህ የማን ቤት እንደሆነች ብታጣራ እዚሁ ከሚጽፉት የአንዳችን ቤት ልትሆን ትችላለች። ቦሳም ሆነ ፈረንጅ አራዳ፣ ማንም ኦዲት የሚያደርገን የለም። ማጠቢያ ጣቢያው ቢያንስ በዓመት አንዴ ያፍራል።

ቡና_ሱሴ፦

...

ኢኮ_ግቢ፦

እሙ_ሃናን ለዚህ መልስ የለኝም፣ እውነት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባል ነገር ጀመረች። ልጇ ትምህርት ቤት ለምትገኝ እናት በቀጥታ ብር ይሰጣታል። ለእናት ነው የሚሰጠው፣ ከፍ ባለው ክፍል ለሴት ልጅ የሚሰጠው ደግሞ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እነሱ ናቸው የሚቀሩት። ትምህርት ጨመረ፣ የልጆች ሥራ ቀነሰ። ቢከለከል የማያደርገውን ብሩ አደረገው።

እዚያው ሜክሲኮ ዴቪድ አትኪን ደግሞ ለውጭ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ምን እንደሆነ አየ። በየ25 አዲስ የሥራ ቦታ አንድ ተማሪ 12ኛን ሳይጨርስ 9ኛ ላይ ያቋርጣል። ባንግላዴሽ ፋብሪካው ሴቶቹን ትምህርት ቤት አቆየ፣ ሜክሲኮ ፋብሪካው አስወጣ። ልዩነቱ ፋብሪካው የሚፈልገው ምን ያህል ትምህርት ነው የሚለው ይመስለኛል። የጅማው ኢንዱስትሪ ፓርክ በእኛ 2011 ሲመረቅ ሁላችንም አጨበጨብን፣ ስንተኛ ክፍል የጨረሰ ነው የሚቀጥረው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። 8ኛ ከበቃው ልጆቻችን 8ኛ ላይ ያቆማሉ።

መልኮ_ሰፈር፦

ፕሮግሬሳ በመንግሥት በጀት ነው። እኛ ማን ይክፈል? ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰብ በልማት ሥራ እየወጣ ድጎማ የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም) አለ፣ ግን ብዙ ቦታ ወላጁ ለሥራ ሲወጣ የቤቱ ሥራ ለልጁ ይቀራል። እዚህ ጋ ቡና አለን፣ ዋጋውም ወጥቷል። የቡና ገበሬ ማኅበራቱ በዓመት መጨረሻ ትርፍ ሲያከፋፍሉ ከዚያ ላይ ለመሬት አልባ ለቃሚ ልጆች ምሳና ደብተር ቢቆረጥ ማንንም አይጎዳም።

ሳይት_ጸሐፊ፦

ማኅበር ውስጥ ድምፅ ያለው ባለ መሬቱ ነው። መሬት አልባው አባል አይደለም። ማን ያነሳለታል?

የጎማ_ገበሬ፦

እኔ አነሳለታለሁ፣ እኛ ጋ ያለው ማኅበር ላይ። ይቀበሉኛል አልልም። ምሳ ግን ቀላል ነው፣ ምሳ ካለ ልጁ ይመጣል፣ ሌላ ሰበካ አያስፈልገውም።

ካሌንደሩን ግን አልመለሳችሁልኝም።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

ጋሼ፣ ካሌንደሩ የክልል ጉዳይ ነው፣ እኛ አንነካውም። ግን ኅዳር ላይ ለሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላውን ለቀን፣ ጠዋት ብቻ ብናስተምርና የጎደለውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጥር ላይ ብንሞላው ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ከተስማማ እሺ ይላል። ባለ ማሳው ልጅ ይጠቅመዋል። ተቀጥሮ የሚለቅመው ግን በግማሽ ቀን ማን ያስገባዋል? እሱ ላይ የሚሠራው የእርስዎ ምሳና የማኅበሩ ብር ነው።

ኢኮ_ግቢ፦

ቲቸር፣ ግማሽ ቀን መስጠት ሕጋዊ ማድረግ አይሆንም? ዘንድሮ ሁለት ሳምንት፣ ከርሞ አራት።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

አሁንም እኮ አይመጡም። ሙሉ ቀን ከምናጣቸው ግማሹን እናግኝ። አራት ሳምንት ካሉ ያኔ እጣላለሁ።

ነገረ_ፈጅ፦

ከ15 በታች ተቀጥሮ ለሚሠራ ልጅ ሰዓት ማመቻቸት ብላችሁ ወረቀት ላይ እንዳትጽፉት። «የቤተሰብ ምርት ስብሰባ» ብላችሁ ጻፉት፣ ቃለ ጉባኤውን ልላክልህ ካልክ አየዋለሁ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

እልክልሃለሁ። የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ጠርቻለሁ። ሳይት_ጸሐፊ፣ የምትችል ከሆነ ከጣቢያችሁም አንድ ሰው ይምጣ። እሙ_ሃናን፣ ያቺን ልጅ ማፈላለግ እፈልጋለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የጎማ_ገበሬ፦

መምህር፣ ቅዳሜ ማንም አይመጣልህም፣ ለቀማ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አድርገው፣ እዚያው መስጊዱ ደጅ። ያኔ መሬት ያለውም የሌለውም አለ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

እሺ ጋሼ፣ ዓርብ ይሁን።